ናሮውቦት ላይ በብርዱ ወራት ሙቅ ውሃ ለጠፋባት እህታችን

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት እህቴ። ለሌሎቹም ግልጽ እንዲሆን ባጭሩ ላስቀምጠው። የለንደን የቤት ኪራይ ሲያማርራችሁ ከባለቤትሽ ጋር ሰመር ላይ ናሮውቦት፣ ማለትም ሰው የሚኖርበት ጠባብና ረጅም የካናል ጀልባ ገዛችሁ፤ አሁን ግራንድ ዩኒየን ካናል ላይ እየተንቀሳቀሳችሁ ትኖራላችሁ። ያኔ የሙቅ ውሃ ችግር አልነበረም። ከዲሴምበር ወዲህ ግን ሞተሩን አንድ ሰዓት ብታስነሱትም ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም፣ የናፍጣ ማሞቂያው ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ከቧንቧው ጠብ የሚል ነገር የለም። ያየላችሁ ባለሙያ "ቦይለሩ ይቀየር" ብሏል። በዚያ ላይ ለገና አዲስ አበባ ልትሄዱ ነው።

ቦይለሩን አትቀይሩ። ቢያንስ አሁን አትቀይሩ።

እኔ የምኖረው በዚያው ካናል ላይ፣ ከለንደን ወጣ ብሎ ትሪንግ አካባቢ ነው። ካናሉ የቺልተርንን ኮረብታዎች የሚሻገርበት ከፍታ ስለሆነ ብርዱ ከለንደኑ ይብሳል። ብዙ ዊንተር እዚህ አሳልፌያለሁ፣ የጎረቤቶቼንም ጀልባ ስንፈታ ስንገጥም ኖረናል። "ቦይለር ተበላሸ" ከተባለው ውስጥ ቦይለሩ ራሱ የተበላሸበት በጣም ጥቂት ነው። ካሎሪፋየር የሚሉት ይኸው ቦይለር ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም። በፎም የተሸፈነ የመዳብ በርሜል ነው። ውስጡ የተጠማዘዘ ቱቦ አለ፤ ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የጋለው ውሃ በዚያ ቱቦ እየዞረ የምትታጠቡበትን ውሃ ያሞቀዋል። ሁለቱ ውሃዎች አይቀላቀሉም። ብዙ ጀልባ ላይ ሁለተኛ ቱቦም አለ፣ እሱ ከናፍጣ ማሞቂያው ጋር የተያያዘ ነው። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ላይ መብራት ሲገኝ የሚሠራ የ1 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ይኖረዋል። በቃ ይኼው ነው። ሙቀቱ ከየት ተነስቶ የት እንደቀረ መከተል ነው ያለብሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው፣ ምክንያቱም ግማሹ መልስ እዚያ ነው ያለው። 55 ሊትር ቦይለር አለን እንበል። ሰመር ላይ ከታንከሩ የሚመጣው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። አሁን ግን ታንከራችሁ ከጀልባዋ አፍንጫ ስር፣ ከካናሉ ውሃ ጋር በአንድ ብረት ተለይቶ ነው የተቀመጠው። ውሃው 5 ዲግሪ ሆኖ ይመጣል። ያን 60 ለማድረስ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩም ከውርጭ ነው የሚነሳው፣ ራሱን እስኪያሞቅ ድረስ ለቦይለሩ የሚሰጠው ነገር የለም። ስለዚህ በሰመር አንድ ሰዓት የበቃው አሁን ባይበቃ ምንም አይገርምም። በተለይ ጀልባዋን አስራችሁ፣ ሞተሩን ፎሌ ላይ ትታችሁ በዝቅተኛ ዙር የምታስነሱት ከሆነ። ሥራ የሌለው ሞተር ሙቀት አይሰጥም። እየሄዳችሁ አስነሱት፣ ወይም ዙሩን በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ባለው መካከል ከፍ አድርጉት። ግን ጀልባዋ ታስራ ሳለ ማርሽ አታስገቡ፣ ዳርቻውን ይሸረሽራል፣ የጎረቤትንም ገመድ ይጎትታል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ታስሮ ሞተር ማስነሳት እንደማይፈቀድም አትርሱ። እኔ ወደ 11 ሰዓት ላይ አስነስቼ እስከ 1 ሰዓት ተኩል አቆየዋለሁ፣ ማታ እንታጠባለን፣ የተረፈው ለጠዋት ፊት መታጠቢያ ይሆናል። ደህና ፎም ያለው ቦይለር ሙቀቱን እስከ ጠዋት ይይዛል።

ሁለት ሰዓት አስነስታችሁም ለብ ካለ ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ ወደ ሞተሩ ክፍል ውረጂና ከሞተሩ ወደ ቦይለሩ የሚሄዱትን ሁለት ጎማ ቱቦዎች ፈልጊ። ጓንትሽን አውልቂ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መጀመሪያ የእጅሽን ጀርባ አስጠጊ፣ ከዚያ ንኪያቸው፣ ሊፋጅ ስለሚችል ቶሎ አንሺ። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ውሃው ከነጭርሱ እየዞረ አይደለም። አንዱ ትኩስ ሆኖ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ በጣም በዝግታ ነው የሚሄደው። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየር ነው። ቱቦው አየር ይዟል። የሞተሩ ውሃ ጎድሎ ወይም ሰመር ላይ አንድ ሰው ቱቦ ፈትቶ ከሆነ ይህ ይመጣል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክዳኑን ክፈቱ፣ ጎዶሎውን በአንቲፍሪዝ (የሞተሩ ውሃ በብርድ እንዳይረጋ በሚከላከለው ፈሳሽ) ሙሉ፣ ከቦይለሩ አጠገብ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ውሃ እስኪንጠባጠብ በመፍቻ ትንሽ ላላ አድርጉት። በትኩስ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል፣ ይህን ማንም እንዳያደርገው።

ሁለቱም ቱቦ ትኩስ ሆኖ ቧንቧው ለብ ያለ ከሰጠ፣ ሙቀቱ ቦይለሩ ጋ ደርሷል፣ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለት ነገር እይ። አንደኛው ከቦይለሩ መውጫ ላይ ያለው የሙቅና ቀዝቃዛ መቀላቀያ ቫልቭ ነው፤ እንዳያቃጥላችሁ የተገጠመ ነው፣ ኖራ ሲይዘው ግን ቀዝቃዛውን ያበዛዋል። አታስወግዱት፣ አጽዱት ወይም ቀይሩት፣ የሞተር ሙቀት ያለፈበት ውሃ 80 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ሻወሩ ነው። አንዳንድ ሰው ሻወሩን ከላይ እጀታው ላይ ባለችው ቁልፍ ይዘጋና ግድግዳው ላይ ያለውን መቀላቀያ ክፍት ይተወዋል። ያኔ ቀዝቃዛው በሻወሩ አቋርጦ ሙቁ መስመር ውስጥ ይገባል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሙቅ ስትከፍቺ ለብ ያለ ይመጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ለመሞከር ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

የሞተሩ የሙቀት መለኪያ ምንጊዜም 60 ዲግሪ አካባቢ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ክፍት ሆኖ ተጣብቋል ማለት ነው። ርካሽ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ናፍጣ ማሞቂያው። ተነስቶ የሚጠፋ ማሞቂያ በብርድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚለምነው ቮልት ነው። ማሞቂያው ዌባስቶም ይሁን ኤበርሽፔኸር የሚባለው ሥሪት፣ ሲነሳ የማቀጣጠያ ካንዴላው ወደ 10 አምፔር ይስባል። ዲሴምበር ላይ የቀኑ ብርሃን ርዝመት 8 ሰዓት ቢሆን ነው፣ የጣራው ሶላር የሚሰጣችሁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ባትሪው ራሱ በብርድ አቅሙ ይወርዳል። ማታ ላይ ባትሪው 12.2 ቮልት ሲያሳይ፣ በቀጭን ረጅም ሽቦ ተጉዞ ማሞቂያው ጋ ሲደርስና ካንዴላው ሲስብ ከ11 በታች ይወርዳል። ማሞቂያው ያን አይቶ ራሱን ያጠፋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አስነሺና ባትሪው እየተሞላ ማሞቂያውን አብሪው። ያኔ ከተነሳና ከቆየ፣ ማሞቂያው ጤነኛ ነው፣ የታመመው ባትሪው ወይም ሽቦው ነው። መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ባትሪው ላይ ሳይሆን ማሞቂያው ጫፍ ላይ፣ ልክ በሚነሳበት ደቂቃ ለኩ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ወፍራም ሽቦ ማስገባት ችግሩን ይጨርሰዋል፤ የዛገ ወይም የላላ የፊውዝ መያዣም ያንኑ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሽቦውን ከማዘዛችሁ በፊት እሱን ፈታታችሁ አጽዱ።

ሞተሩ እየሠራም ካልቆየ ናፍጣውን ተጠራጠሩ። ግማሽ ባዶ ታንከር በብርድ ውስጡ ያልባል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ማሞቂያው ውሃ ይጠጣል። ታንከሩን ሞልቶ መክረም ጥሩ ነው። ሌላው ጥቀርሻ ነው። ማሞቂያውን ለአሥር ደቂቃ እያበራችሁ የምታጠፉት ከሆነ ውስጡ ጥላሸት ይሞላል። ስታበሩት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይሥራ። ውሃ ብቻ ለማሞቅ ብላችሁ ራዲያተሮቹን ሁሉ ከዘጋችሁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየበራ ይጠፋል፣ እሱም ጥቀርሻ ያመጣል፣ አንዷን ክፍት ተዉ። ስታጠፉትም በራሱ ቁልፍ አጥፉትና ራሱን አቀዝቅዞ እስኪጨርስ ጠብቁ፤ ዋናውን መብራት ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ይገድለዋል።

ጠዋት ጠብ የማይለው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው፣ በረዶ ነው። እዚህ ጆሮሽን ተጠቀሚ። ቧንቧ ከፍተሽ ፓምፑ ያለማቋረጥ እየጮኸ ውሃ ከሌለ፣ ወይ ታንከሩ ባዶ ነው ወይ ከታንከር እስከ ፓምፕ ያለው ረግቷል። ፓምፑ ትንሽ ጮኾ ዝም ካለ፣ ግፊቱን ሞልቷል፣ የረጋው ከፓምፑ ወዲህ ያለው ቧንቧ ነው። ከነጭርሱ ድምፅ ከሌለ ፊውዝና ሽቦ ተመልከቱ። ቧንቧ የሚረጋው ብዙውን ጊዜ ፎም በሌለበት በሞተሩ ክፍል፣ በአፍንጫው ደረጃ ስርና ብረቱን ተደግፎ በሚያልፍበት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የውሃውን መክፈቻ ከፍታችሁ ተዉትና ከመክፈቻው በኩል ጀምራችሁ የረጋውን ቧንቧ በሞቀ ፎጣ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። እሳት በፍጹም አታስጠጉ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፣ ጀልባዋም በእንጨት የተለበጠች ናት። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ካለ የሚያፈሰው ከቀለጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከቀለጠ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘሽ እያንዳንዱን ዕቃ ተመልከቺ። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ በየመሃሉ ብቻውን ከጮኸ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ማታ ስትተኙ ፓምፑን አጥፉት፣ የቁም ሣጥኖቹን በር ክፍት አድርጋችሁ እደሩ፣ የምድጃው ሙቀት እንዲገባ። ውርጭ ይመጣል ከተባለም ከቀኑ በፊት ታንከር ሙሉ፣ የካናሉ ቦኖ ራሱ ይረጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ብርድ ገባ ብላችሁ የአየር ማስገቢያዎቹን በጨርቅ አትድፈኑ። ከሰል ምድጃና በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ የክፍሉን አየር ነው የሚበሉት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝተሽ አትነቂም። ከ2019 ጀምሮ መኝታ ያለው ጀልባ ሁሉ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው በደህንነት ደንቡ ግዴታ ሆኗል፤ ያላችሁን ዛሬውኑ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። የጋዙን ነገር ደግሞ ለጀልባ ጋዝ ፈቃድ ካለው ሰው ውጪ ማንም አይንካው። ሲሊንደር ስትገዙ ቀዩን፣ ፕሮፔኑን ግዙ። ሰማያዊው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ ላይ ጋዝ መስጠቱን ያቆማል።

ለገና ስትሄዱ ጃንዋሪ ነው፣ ብርዱ የሚከፋበት። ምድጃ የማይነድበት ጀልባ በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከመሄዳችሁ በፊት ፓምፑን አጥፉና ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ክፈቱ፤ ክፍት እንደሆኑ ተዉአቸው። የሻወሩን ራስ አውርዳችሁ ወለሉ ላይ አስተኙት፣ መቀላቀያውን መሃል ላይ አድርጉ፣ በረዶ ቶሎ የሚሰብረው እሱን ነው። ቦይለሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ከሆነ ከስሩ ባለው ማፍሰሻ ባዶ አድርጉት። የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካላችሁ እሱም የራሱ ማፍሰሻ አለው። የፓምፑን ማጣሪያ ጽዋ ፈታችሁ ድፉት፣ ትንሽ ናት ግን ሰው ሁሉ ይረሳታል። የሞተሩን አንቲፍሪዝ በመለኪያ ፈትኑ። ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ። ቋሚ ማቆሚያ ሳትይዙ የምትንቀሳቀሱ ስለሆናችሁ ደግሞ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይቻልም፣ ስለዚህ ለጉዞው ጊዜ ማሪና ወይም ለብርዱ ወራት የሚከራይ ማቆሚያ አሁኑኑ ፈልጉ። ማሪና ካገኛችሁ መብራት ስላለ ለባትሪውም እረፍት ነው።

ነገ ሁለቱን ቱቦዎች ዳስሺና የትኛው እንደሞቀ፣ ማሞቂያው ሲነሳ ጫፉ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ እዚሁ ጻፊልኝ። የቦይለሩን ፎቶ ከነቱቦዎቹ ብትልኪ የአየር ማስወጫው የት እንዳለ አሳይሻለሁ። ለዚያ ባለሙያ ገንዘብ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።