ኮስቲክ ዓይን ውስጥ ሲገባ፦ 15 ደቂቃው ለምን አይቀነስም?

እህቴ፣ አዲስ የገባሽበት ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ያለው የዓይን ማጠቢያና የድንገተኛ ሻወር አጠቃቀም ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። 15 ደቂቃ መታጠብ የግድ ነው ወይስ በሃይላንድ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ከኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሳሙና ከሚሠራበት ኃይለኛ አቃጣይ ኬሚካል ጋር ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

አይበቃም። አብዛኛው አሲድ ላይ ላዩን ያቃጥላል። ኮስቲክ ግን ወደ ውስጥ እየሰረሰረ ይገባል። ስብን ወደ ሳሙና የሚለውጥ ነገር ነው፤ ዓይን ላይ የሚሠራውም ከዚያ አይርቅም። ሕመሙ ጋብ ቢል እንኳ እሱ ሥራውን አላቆመም። ሃይላንድ እጅሽ ላይ ካለ ወደ ማጠቢያው እየሄድሽ አፍስሺበት። ግን ግማሽ ሊትር ስንት ሰከንድ ይቆያል?

አንድ ጠዋት አንድ ልጅ በርሜል ሲያማስል ፈናጠረበት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ነበር። ክንዱን ይዤ አደረስኩት። እጀታውን ስገፋው መጀመሪያ የወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል፤ ለወራት ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። እስኪጠራ የጠበቅናቸው ሰከንዶች ዛሬም ያንገበግቡኛል። ከዚያ ደግሞ ዓይኑን አልከፍት አለ። የተቃጠለ ዓይን በራሱ ጥርቅም ይላል፣ ሰውየው ምን ያድርግ? የላይኛውንና የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቶቼ ፈልቅቄ ያዝኩለት። «ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ» እያልኩ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «በቃኝ፣ ተሻለኝ» አለ። አለቀቅነውም። ፎርማኑ ሰዓት ይዞ አጠገባችን ቆመ። ዓይኑ ተርፏል።

ስለዚህ ማጠቢያው ጋ ብቻውን የሚተው ሰው አይኑር። እጀታው አንዴ ከተገፋ ውሃው ሳይያዝ መፍሰስ አለበት፤ ሁለቱም እጅ ለዓይን ቆብ ያስፈልጋልና። ኮንታክት ሌንስ ካለ ውሃው እየፈሰሰ ይወጣል፣ እሱን ለማውጣት መታጠቡ አይዘገይም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ «ያበርደዋል» የሚልሽን አትስሚ።

ሻወሩ ላይ ትልቁ ችግር ልብስ ነው። ቱታውም፣ ጫማውም ውሃው ሥር እንደቆምሽ ይወልቃል። ቦቲ ውስጥ የገባ ኮስቲክ እግርን እስከ ማታ ሲበላ ይውላል። በጭንቅላት የሚወልቅ ሹራብ ከሆነ በመቀስ ይቀደድ፣ ፊት ላይ እንዳይጎተት። ደረቁ ፍሌክ (ቅርፊት የሚመስለው ኮስቲክ) ከሆነ የፈሰሰብሽ መጀመሪያ በደንብ አራግፊው፣ ከዚያ ውሃ። ሴት ልጅ ወንዶች ፊት ልብሷን ለማውለቅ ስታመነታ አይቻለሁ፣ አልፈርድባትም። መጋረጃና ትርፍ ቱታ እዚያው እንዲሰቀል ጠይቂ። ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ያቺ ማመንታት ቆዳ ታስከፍላለች።

ውሃችሁ ከሮቶ ከሆነ ደግሞ ስሌቱን ሥሪው። በአሜሪካው የድንገተኛ ሻወርና የዓይን ማጠቢያ ደረጃ (አንሲ ዜድ 358.1) ሻወሩ በደቂቃ ወደ 76 ሊትር ማውረድ አለበት። በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ ማለት ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ አያደርስም፣ ያውም ሌላ ቧንቧ ካልቀዳበት። የዓይን ማጠቢያው በደቂቃ 1.5 ሊትር ይበቃዋል። ሙቀቱም ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ቧንቧ በቀትር የሚያወርደው ውሃ ራሱ ያቃጥላል።

ከታጠባችሁ በኋላ ቀጥታ ሆስፒታል፣ የኬሚካሉን ስም የያዘውን ወረቀት ይዛችሁ።

በየሳምንቱ አንድ ሰው ማጠቢያውንና ሻወሩን ከፍቶ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ያፍስሰው፣ ቀኑንም ይፈርምበት። አንቺ ደግሞ ሰኞ ስትገቢ ጓደኛሽን አጠገብሽ አድርጊና ከምትሠሪበት ቦታ ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ማጠቢያው ሂጂ። ዓይን ተከፍቶ በ10 ሰከንድ የሚደረስበት መሆን አለበት። መንገድ ላይ ካርቶን ካደናቀፈሽ ሥራ ሳትጀምሪ አስነሺው።