ዓሣዎ አልታመመም፣ በርዶታል

ከሆለታ ዙሪያ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል።

«ባለፈው መጋቢት ወር ስፋቱ 10 በ15 ሜትር የሆነ ኩሬ አስቆፍሬ 300 የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት ጨመርኩ። ጥልቀቱ ወገቤ ጋ አይደርስም፣ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ክረምቱን ጥሩ በሉ፣ ጥሩ አደጉ። ኅዳር ከገባ ወዲህ ግን ፉርሽካውን ስበትን ብቅ የሚል የለም። አቅም አጥተው ይሆናል ብዬ መኖውን ጨመርኩ፣ ፍግም አከልኩ፣ ሌሊት ሌሊት የወንዝ ውሃ ለቀቅኩላቸው። በመረብ አውጥቼም አየኋቸው። በዚህ ሳምንት ጠዋት ስወርድ 14 ሞተው ተንሳፍፈው አገኘሁ። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒቱስ? ደግሞ ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ በጓሮው ኩሬ ወርቃማ ዓሣ አለው። ላዩ በረዶ ሆኖ ዓሣዎቹ ከሥር ይኖራሉ ይለኛል። የኔዎቹ በዚህች ብርድ እንዴት ይሞታሉ?»

አባቴ፣ 14 ዓሣ አንድ ጠዋት ሞቶ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ግን መድኃኒት ፍለጋ አይሂዱ። ከጻፉልኝ ነገር የምረዳው ዓሣዎ በርዶት እንደነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ለማዳን ብለው ያደረጉት ነገር ደግሞ ጎዳው። ይህ የእርስዎ ብቻ ስህተት አይደለም። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ላም ሲበርዳት መኖ ይጨመርላታል፣ ሰውነቷ ያንን አቃጥሎ ይሞቃል። ዓሣ እንዲህ አይደለም። የገላው ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዱም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ የበላውን መፍጨት ያቅተዋል። ስለዚህ መብላቱን ይተዋል። ይህ ራሱን የሚያድንበት መንገድ ነው።

ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው። የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ከ20 በታች አይራባም። ወደ 16 እና 17 ሲወርድ መብላት ያቆማል። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ላይ ከቆየ ይሞታል። እነዚህን ቁጥሮች ይያዙልኝ፣ ከዚህ በኋላ የምነግርዎ ሁሉ በእነሱ ላይ የቆመ ነው።

ክረምቱን እንዴት አለፉት ታዲያ? ብዙ ገበሬ ይህን ይጠይቀኛል። ክረምት ሲባል ብርድ ይመስለናል። ለኩሬ ግን የክረምት ደመና ጋቢ ነው። ቀን ፀሐይ ቢቀንስም፣ ሌሊት ውሃው ሙቀቱን እንዳያጣ ሸፍኖ ይይዘዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ኮከቡ ደምቆ የታየበት ሌሊት የኩሬው ሙቀት ወደ ሰማይ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ውርጩም የሚወርደው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ላዩን እያንሸራተተ ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው ውሃ ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፣ ከሥር ያለው ሞቅ ያለው ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱም በተራው ይቀዘቅዛል። 80 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚሸሸግበት ሥፍራ የለም። እስኪነጋ ኩሬው በሙሉ ይቀዘቅዛል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይግዙ የምለው። ውድ አይደለም። በሲባጎ አስረው ከጎኑ ትንሽ ድንጋይ ይጨምሩበት። ከኩሬው ዳር ሳይሆን ከመሐል አካባቢ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጠልቆ ለ5 ደቂቃ ይቆይ። ሲያወጡት ቶሎ ያንብቡ፣ አየሩ ወዲያው ይለውጠዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ። ልጆች ካሉ በደብተር ይጻፉልዎ። በዓይን እና በእጅ የሚገመት ነገር አይደለም። ጠዋት እጃችን በርዶት ስለሚውል ቀዝቃዛው ውሃ ሁሉ ሞቅ ያለ ይመስለናል።

አሁን ወደ መኖው። ፉርሽካውንም፣ ሌላ መኖ ካለም ዛሬውኑ ያቁሙ። ያልተበላው ሁሉ ኩሬው ሥር ሄዶ እየበሰበሰ ነው። ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይበላል፣ መርዝም ይለቃል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። ስለዚህ በዚህ ወር ዓሣዎ ጎህ ሲቀድ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር የሚፈልግ ከሆነ፣ ያንን ያመጣው ብርዱ ሳይሆን ብስባሹ ነው። የበረደው ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ሥር ተኝቶ ነው የሚቆየው።

እንደገና መመገብ የሚጀምሩት ቴርሞሜትሩ ሲፈቅድ ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ውሃው 20 ከደረሰ ቀድሞ ይሰጡ ከነበረው ግማሹን ይስጡ። ከ17 እስከ 20 መካከል ከሆነ አንድ ጭብጥ ብቻ፣ ያውም ፀሐይ ሳትዞር። ከዚያ በታች ምንም። ልብዎ ቢጨነቅ አንድ ዘዴ ልንገርዎ። አሮጌ ሰፌድ ይፈልጉ። መሐሉ ላይ ድንጋይ አድርገው በአራት ገመድ አስረው ጉልበት በሚያህል ውሃ ውስጥ ያስጥሙት። መኖውን ሰፌዱ ላይ ያድርጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀስ ብለው ይሳቡት። ተጠርጎ ከወጣ ነገ ትንሽ ይጨምሩ። እንዳለ ከወጣ ደግሞ መኖውን ለዶሮ ይስጡት እና ሦስት ቀን ይዝለሉ። በርሃብ ይሞቱብኛል ብለው አይስጉ። በክረምቱ ጥሩ በልተዋል፣ ስብ ይዘዋል። በዚህ ብርድ የሚያወጡት ጉልበት ትንሽ ነው።

ፍጉንም እንዲሁ ይተዉት። ፍግ የሚጨመረው ውሃው ውስጥ አረንጓዴው ተክል እንዲበዛ እና ዓሣው እንዲበላው ነው። በብርድ ያ ተክል አያድግም። ፍጉ ግን ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። እጅዎን እስከ ክርንዎ ውሃው ውስጥ ያስገቡ። መዳፍዎ ካልታየ አረንጓዴው በቂ ነው።

ሌሊት የሚለቁት የወንዝ ውሃ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። ትንሽ ወንዝ ሌሊት ከኩሬ ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ይብሳል። እርስዎ ዓሣው እንዲታደስ ብለው የለቀቁት ውሃ፣ በሌሊቱ ብርድ ላይ ሌላ ብርድ ነው የጨመረበት። ከዛሬ ጀምሮ ማታ መግቢያውን በጭቃ ይድፈኑት። ውሃ መጨመር ካለብዎ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በቦይ ፀሐይ ላይ ተንቆርቁሮ ሞቅ ካለ በኋላ ይሁን። ኩሬው ግን እስከ አፉ ይሙላ። ሲጎድል ይበልጥ ይበርዳል። አጠገብዎ ምንጭ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። የምንጭ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም፣ ሌሊት ከኩሬው ሊሞቅም ይችላል። እሱንም በቴርሞሜትር ለክተው ይወስኑ።

ጀርባው ላይ ያዩት ጥጥ ፈንገስ ነው። ደህና ዓሣ ላይ አይወጣም። በመረብ አወጣኋቸው ብለው ጽፈውልኛል፣ ምክንያቱ እሱ ይመስለኛል። ቆሮሶ ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ልጋግ አለው፣ ቆዳውን የሚጠብቀው እሱ ነው። መረብ ሲነካው ይላጣል። ውሃው ሙቅ ቢሆን በቀናት ውስጥ ይድናል። በርዶት ሳለ ግን ቁስሉ አይጠግግም፣ ፈንገሱ ይገባል። ስለዚህ መረቡን ይስቀሉት። ከዚህ ወዲያ መለየት፣ መመዘን፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ ማዛወር የለም፣ እስከ የካቲት መጨረሻ። የሞቱትን በየጠዋቱ በረጅም እንጨት ጠርገው ከኩሬው ራቅ አድርገው ይቅበሩ። አይብሉ፣ ለውሻም አይስጡ። ማላካይት ግሪን የሚባለውን ቀለም ገበያ ላይ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ እምቢ ይበሉ። አውሮፓም አሜሪካም ለሚበላ ዓሣ ከልክለውታል። የከብት አንቲባዮቲክም ፈንገስን አይገድልም።

ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል የበቆሎ አገዳ ወይም ሸምበቆ አቁመው አጥር ይሥሩ። የሰው ቁመት በቂ ነው። የጠዋቷን ፀሐይ ግን እንዳይከልል፣ እሷን ለዓሣው ይተዉለት። ላስቲክ ዘርግቶ መሸፈንም ይረዳል። 150 ካሬ ሜትሩን በሙሉ መሸፈን ግን ወጪው አይመከርም። ጥልቁን ጫፍ ብቻ ማታ ሸፍነው ጠዋት ይግለጡት፣ ዳር ዳሩን ለአየር ክፍት አድርገው።

የሚኒሶታው ወንድምዎ እውነቱን ነው። ወርቃማ ዓሣ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ዘመድ ነው፣ ለብርድ የተፈጠረ። ውሃ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ላዩ በረዶ ሲሠራ 4 ዲግሪ የሆነው ከሥር ይቀራል። ዓሣው እዚያ ተኝቶ የበረዶውን ወራት ያሳልፋል። እዚያ ሰዎች የሚፈሩት ብርዱን ሳይሆን በረዶው ኩሬውን ዘግቶ የብስባሹን ጋዝ እንዳያፍነው ነው። ለዚህ አንድ ቀዳዳ ክፍት ያደርጋሉ። በመዶሻ አይደለም፣ ድምፁ ዓሣውን ይጎዳዋል። የፈላ ውሃ የያዘ ድስት በረዶው ላይ አስቀምጠው ያቀልጡታል። ወንድምዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በዚያ ወቅት መኖ ይሰጣል ወይ? ውሃው ከ10 ዲግሪ ከወረደ አልሰጥም ይልዎታል። ለብርድ የተፈጠረው ዓሣ እንኳ በብርድ አይመገብም።

ይህ ዓመት ሲያልፍ ኩሬውን አድርቀው አንዱን ጫፍ እስከ 1 ሜትር ከ50 ያስቆፍሩ። ጫጩቱን እንደ ዘንድሮው መጋቢት ላይ ይጨምሩ፣ የደረሰውን ግን ጥቅምት ላይ ያውጡ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ዓሣ ፈላጊም አይታጣም። ካርፕን መሞከር ከፈለጉ ከቆሮሶ ይልቅ ብርድ ይችላል፣ ቆቃ ላይም ለምዶ ይኖራል። ጫጩቱን ግን ከወረዳዎ ባለሙያ ጋር ተነጋግረው፣ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቀው ያግኙ። መውጫ ቦዩ ላይም ወንፊት ይግጠሙ። ካርፕ ወንዝ ከገባ ወደ ኋላ አይመለስም።

ለአሁኑ የ10 ቀን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፣ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም። ጠዋት ጠዋት 13 እና 14 ከሆነ ምንም ሳይነኩ ይጠብቁ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከ12 በታች ከወረደ ግን መልሴን አይጠብቁ። ፀሐይ ባለበት ከሰዓት ውሃውን አጉድለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያውጡ እና በዚያው ቀን ይሽጡ። ከፊሉን መርጦ ትንንሾቹን መመለስ አይሆንም፣ የተመለሱት ሳምንት አይቆዩም።