አሲናራን ማየት ዋጋ አለው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የጣልያኗ ትልቅ ደሴት ሰርዲኒያ ስትሄጂ አንድ ቀን አጠገቧ ላለችው ለትንሿ አሲናራ ደሴት መስጠት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። የኛ ሰዎች ታስረውባታል የሚባለውስ እውነት ነው ወይ ብለሻል። ለሁለቱም መልሴ አዎ ነው። ጣልያን አገር ስኖር ደጋግሜ ሄጃለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ከኛው ልጀምር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችንም እናውቃለን። እምብዛም የማይወራው ግዞቱ ነው። መኳንንቱ፣ የተማሩ ወጣቶች፣ ሴቶች ከነልጆቻቸው እየተለቀሙ በመርከብ ወደ ጣልያን ተጋዙ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። አብዛኞቹ በነገሩ እጃቸው የለበትም። ከነዚህ ብዙዎቹ አሲናራ ላይ ታሰሩ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከነልጆቻቸው እዚያ ነበሩ። ባለቤታቸውን ደጃዝማች በየነ መርዕድን ጣልያኖች በዚያው በየካቲት ገድለዋቸዋል። ልዕልቲቱ በኋላ ወደ ቱሪን ተዛወሩ፤ አገራቸውን ዳግም ሳያዩ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ግራዚያኒ ተነስቶ የአኦስታው መስፍን ሲተካ ግን ብዙዎቹ እስረኞች ቀስ በቀስ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

«ራስ እምሩም አሲናራ ነበሩ» የሚል ሰው አይቻለሁ። እሳቸው የታሰሩት ፖንዛ ደሴት ነው። ሙሶሊኒም በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወርድ እዚያችው ፖንዛ ላይ ታስሯል!

ወደ አሲናራ ልመለስ። የጣልያን መንግሥት ደሴቲቱን እስር ቤትና የበሽተኞች ማቆያ ያደረጋት በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ነዋሪዎቹ ተነስተው ማዶ ሰርዲኒያ ላይ ስቲንቲኖ የምትባለዋን መንደር መሠረቱ፤ አንቺም ምናልባት ጀልባ የምትይዢው ከዚያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ምርኮኞች መጥተው በሺዎች የሚቆጠሩት በኮሌራ አለቁ። ካላ ሬያሌ ከሚባለው የደሴቲቱ ወደብ አጠገብ አፅማቸው የተሰበሰበበት ቤት አለ። ግቢበት። የራስ ቅሎቹ በመስታወት ጀርባ እስከ ላይ ተደርድረው ታያለሽ።

ሌላው እንዳያመልጥሽ የምለው ካላ ዶሊቫ የምትባለዋ መንደር ናት። በ1985 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ ማፊያ እንዳይገድላቸው ከነቤተሰባቸው ወደዚህ መጥተው ትልቁን የማፊያ ክስ ጽፈዋል። ያረፉባት ባሕሩ ዳር ያለችው ቀይ ቤት ናት። በኋላ መንግሥት የቆዩበትን ሒሳብ አስከፍሏቸዋል! ሁለቱም በ1992 ተገደሉ። ያስገደላቸው የማፊያ አለቃ ቶቶ ሪና በ1993 ከተያዘ በኋላ እዚያችው መንደር ውስጥ ታስሯል። እስር ቤቱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተዘጋ፤ ዛሬ ደሴቲቱ ብሔራዊ ፓርክ ናት። ነጫጭ አህዮች መንገድ ላይ ይዘዋወራሉ።

የሚያናድደኝን ልናገር። አንድ ጊዜ ያስጎበኘን ሰው ስለ ማፊያ ከአንድ ሰዓት በላይ አውርቶ፣ የኛን ሰዎች ግን «ጥቂት አቢሲኒያውያንም ነበሩ» ብሎ አለፋቸው። ስለዚህ አንቺው ጠይቂ። ልዕልቲቱን በስም ጥሪ። ስትጠይቂ አብረውሽ ያሉትም ይሰማሉ፤ ብዙ ጣልያናዊ ይህን ታሪክ ፈጽሞ አያውቀውም።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሰርዲኒያዋ ወደብ ከፖርቶ ቶሬስ በመርከብ ካላ ሬያሌ ትወርጃለሽ፣ ከስቲንቲኖ ደግሞ በጀልባ ፎርኔሊ። ፎርኔሊ ትልቁ ጥብቅ እስር ቤት ያለበት ነው። የግል መኪና አይገባም፤ ብስክሌት ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ትከራያለሽ። ከልጆች ጋር ከሆንሽ ግን አስጎብኚ ያለውን መኪና ያዢ፤ ደሴቲቱ ረጅም ናት፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ ብዙም ስለሌላት ፀሐዩ ያቃጥላል። ውኃና ምሳ ከመነሻሽ ከሰርዲኒያ ይዘሽ ሂጂ። የመመለሻ ጀልባሽን ሰዓት ከመውረድሽ በፊት አረጋግጪ። ነፋስ ሲበረታ ጀልባ ስለሚቀር ጉዞውን በመጨረሻው ቀንሽ ላይ አታድርጊው።