ስድስት ዓመት የተወጋሁት መርፌ አቅሙ ደክሞ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ዴፖ የሚባለውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ መወጋት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የወር አበባዬ ጠፍቶ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ትንሽ ትንሽ ደም ማየት ጀምሬያለሁ። ጎረቤቶቼ «ሰውነትሽ ለምዶታል፣ ከእንግዲህ አይዝሽም፣ ለጥቂት ጊዜ አሳርፊው» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ሰውነት ዴፖን አይለምደውም። ዛሬ የሚወጉት 150 ሚሊግራም ከስድስት ዓመት በፊት እንደሠራው ይሠራል፤ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይገባል፣ እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፣ የማህፀን በር ፈሳሽንም ያወፍራል። እንዲያውም በመርፌም በክኒንም ላይ ሳሉ ማርገዝ ይበልጥ የሚያጋጥመው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ቀጠሮው ገና ያልተለመደበት ጊዜ ስለሆነ።

ልብ መባል ያለበት ቀኑ ነው። ቀጠሮ ሳያዛንፉ ከሚወጉ 1000 ሴቶች በዓመት የሚያረግዙት ሁለት ያህል ናቸው። በተለመደው አወጋግ ግን ከ100 አራት ያህል ያረግዛሉ። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው መዘግየት ነው። መርፌው የሚሰጠው በየ13 ሳምንቱ፣ ማለትም በየ91 ቀኑ ነው። «ሦስት ወር» ብሎ መቁጠር በእኛ አቆጣጠር 90 ቀን ስለሚሆን ደህና ነው። ጳጉሜን መሃል ስትገባ ግን ይረዝማል፤ ሰኔ 20 ተወግታ መስከረም 20 የምትሄድ ሴት 95 ቀን ሆኗታል። ይህ ብቻውን ችግር የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ አራት ሳምንት ቢዘገይም ያለ ተጨማሪ ጥንቃቄ መወጋት ይቻላል ይላል። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ እዚያ የሚሠራበት መመሪያ የሚፈቅደው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከአራት ሳምንት በላይ ከዘገዩ እርግዝና አለመኖሩ ይጣራል፤ ከተወጉም በኋላ ለሰባት ቀን ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፦ የተወጉበትን ቦታ አይሹት። ማሸት መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባና ጊዜው ሳይደርስ እንዲያልቅ ያደርገዋል።

ደም መታየቱ መርፌው መድከሙን አያሳይም፣ የወር አበባ መጥፋቱም መርፌው በርትቶ መሥራቱን አያሳይም። ይሁን እንጂ ለዓመታት ጠፍቶ የቆየ ደም ሲመለስ ዝም ማለት አይገባም። ጤና ጣቢያ ሄደው ኢንፌክሽን እንዳለ ይታዩ፤ ቀጠሮ አዛንፈው ከነበረም የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። ዕድሜዎ ከ30 ስላለፈ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራውንም በዚያው ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

«ማሳረፍ» የሚባለው ነገር ለመድኃኒቱ ምንም አይጨምርለትም፤ በዚያ መሃል ግን ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ልጅ ፈልገው የሚያቆሙ ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይወስዳል። ለዓመታት መወጋትን በተመለከተ ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ የአጥንት ነው። ዴፖ የአጥንትን ጥንካሬ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲያቆሙት ይመለሳል። ለዚህ ነው ከሁለት ዓመት በኋላ ከባለሙያ ጋር መነጋገር የሚመከረው።

ጥያቄ፦ የእርግዝና መከላከያ ክኒን መውሰድ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን የቲቢ መድኃኒት ተጀመረልኝ። በዚያ ላይ እጾማለሁ። ክኒኑ ይሠራልኛል? (ከጎንደር)

መልስ፦ እርስዎ ላይ ግን ክኒኑ በእርግጥ ይደክማል፤ የሚያደክመው የቲቢው መድኃኒት እንጂ አራቱ ዓመት አይደለም። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን በፍጥነት እንዲሰባብረው ያደርጋል፤ ደም ውስጥ የሚቀረው እርግዝና ለመከላከል አይበቃም። በክንድ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያም በዚሁ ይዳከማል። ዴፖና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ አይነኩም፤ የቲቢ ሕክምናውን ስድስት ወር ከሁለቱ በአንዱ ቢያልፉት ይሻላል። ወደ ክኒኑ የሚመለሱት ሪፋምፒሲን ካለቀ አራት ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የሚወስዱ የሚጥል በሽታ ታካሚዎችም ይኸው ይመለከታቸዋል። አሞክሳሲሊንና የመሳሰሉት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ግን ክኒኑን አይነኩትም።

ለጾሙ መፍትሔው ማታ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ነው፤ ባዶ ሆድ መሆኑ ክኒኑን አያዳክመውም። አንድ ክኒን ከተረሳ ባስታወሱ ጊዜ ይዋጣል፣ በዚያ ቀን ሁለት ቢሆንም። በተከታታይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተረሱ አንዱን ወዲያው ይውሰዱና እንደ ወትሮው ይቀጥሉ፤ ለሰባት ቀን ኮንዶም ይጨምሩ። የረሱት ከሆርሞኑ ክኒኖች ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሆነ የቀሩትን የሆርሞን ክኒኖች ጨርሰው፣ ሆርሞን የሌለባቸውን ሰባቱን ቡናማ የብረት ክኒኖች ዘለው ወዲያው አዲስ ፓኬት ይክፈቱ። ብዙ ሴቶች የሚያረግዙት አዲሱን ፓኬት አንድና ሁለት ቀን አዘግይተው በመጀመራቸው ነው። ሆርሞን የሌለባቸው ሰባት ቀናት ሲረዝሙ እንቁላል ይነቃል።

ጥያቄ፦ ሚያዝያ 2014 አዲስ አበባ ክንዴ ላይ የእርግዝና መከላከያ አስቀብሬ ሪያድ መጣሁ። አሁንም ይሠራል? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህታችን፣ በክንድ የሚቀበረው ጊዜ ሲያልፍ በእውነት የሚያልቅ ዘዴ ነው፤ የያዘው ሆርሞን የተወሰነ ነውና። መጀመሪያ የትኛው እንደተቀበረልዎት ይለዩ። ክንድዎን ሲዳስሱ የክብሪት እንጨት የምታህል አንድ ነገር ብቻ ካገኙ ኢምፕላኖን ነው፤ ሲቀበርልዎት የተፈቀደለት ለሦስት ዓመት ነበር። ሁለት ከሆኑ ጃዴል ነው፣ አምስት ዓመት፤ ወይም አምሳያው ሌቮፕላንት ነው፣ ሦስት ዓመት። ክብደትዎ 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጃዴል ከአራት ዓመት በኋላ ስለሚዳከም ቀደም ብለው ያስቀይሩት።

ሲቀበርልዎት የተሰጠዎትን ካርድ ሪያድ ላለ ሐኪም ሲያሳዩ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ይለውጡት። «2014» የሚለውን እንዳለ ካነበበው ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይቆጥርብዎታል፤ ሚያዝያ 2014 በፈረንጅ ከኤፕሪል 9 እስከ ሜይ 8 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ ኢምፕላኖን ከሆነ የሦስት ዓመት ጊዜው በኤፕሪል ወይም በሜይ 2025 አብቅቷል። እስከ አምስት ዓመት እንደሚሠራ ያሳዩ ጥናቶች ስላሉ መደናገጥ አይገባም፤ ማስቀየሪያውን ግን ዛሬ ነገ አይበሉ፣ እስከዚያው ኮንዶም ይጠቀሙ። አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን መቅበር በአንድ ቀጠሮ፣ በዚያው ክንድ ላይ ይሠራል።