ሞደሞቹን ከመቀየርዎ በፊት መስመሩን ያስመርምሩ

ወንድሜ፣ ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ወዳለው መጋዘንዎ በተከራዩት የመዳብ መስመር ላይ ቤዝባንድ ሞደሞቹ (መረጃን በሽቦ የሚያስተላልፉት መሣሪያዎች) አልገናኝ እንዳሉዎት፣ በቀፎ ሲነጋገሩበት ግን ድምፁ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ገልጸው «ሞደሞቹን ልቀይር?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አይቀይሩ። እኔ በዚያው አቅጣጫ ባለ መስመር ላይ ቀይሬ የማኅበራችንን ገንዘብ በከንቱ አውጥቻለሁ።

አንደኛ፣ የድምፁን ጥራት እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት። ተራው የስልክ ሞደም መረጃውን ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው የድምፅ ክልል ውስጥ በሚያልፍ ሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል፤ ቤዝባንድ ሞደም ግን ቢቶቹን፣ ማለትም የመረጃውን 0 እና 1፣ በቀጥታ ወደ ቮልቴጅ ደረጃዎች ለውጦ ሽቦው ላይ ይለቃቸዋል። የእኛዎቹ ቱ ቢ ዋን ኪው በሚባለው አሠራር ሁለት ሁለት ቢት እያጣመሩ በአራት የቮልቴጅ ደረጃዎች ስለሚወክሉ፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ለመላክ በሰከንድ 32,000 ምልክት ያወጣሉ፤ ይህም ከድምፅ ክልል እጅግ የሰፋ መተላለፊያ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የመስመሩን ኦም (ሽቦው ጅረትን የሚቃወምበትን መጠን) ይለኩ እል ነበር፤ ነገር ግን እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ልኬት ነው። በሩቁ ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቼ ስለካ 1,080 ኦም ገደማ አገኘሁ። ይህ ባለ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ በ6 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ከሚያሳየው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጥፋቱ የሞደሞቹ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሻጮቹም ስለ መስመሩ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁኝ «ያረጀ ዕቃ ነው፣ አዲስ ግዙ» አሉኝ። አዲሶቹም አልገናኝ ሲሉ ልመልስላቸው ብሄድ፣ ካርቶኑ ተከፍቷል ብለው ከበር መለሱኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምክንያቱን የነገሩኝ ጡረታ የወጡ አንድ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ መስመሩ ኮይል አለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሎዲንግ ኮይል በረጅም የስልክ መስመር ላይ ድምፅ እንዳይደክም በየ1.83 ኪሎሜትሩ ገደማ የሚገባ፣ ብዙውን ጊዜ 88 ሚሊሄንሪ የሆነ መጠምጠሚያ ነው። የድምፁን ክልል ያስተካክላል፤ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ግን ያፍነዋል። ስለዚህ ቀፎው ጥርት ብሎ የሚሰማውም፣ ሞደሙ የሚታፈነውም በእርሱ ነው። ቀጥተኛ ጅረትን ያለ ችግር ስለሚያሳልፍ ደግሞ የኦም መለኪያ አይደርስበትም። በእኛ መስመር ላይ ሦስት ተገኙ። በተነሡ ዕለት፣ መጣል አለባቸው የተባሉትን አሮጌዎቹን ሞደሞች መልሼ ሰካኋቸው፤ የመስመሩ መብራት ወዲያው በራ፤ ሳላስጥላቸው በመቅረቴ እስከ አሁን ደስ ይለኛል።

ክሎኩን፣ ማለትም ሞደሞቹ ቢቶቹን የሚልኩበትንና የሚቀበሉበትን የጊዜ ምት በተመለከተ፣ አንዱን ጫፍ በራሱ ክሎክ፣ ሌላውን ከመስመሩ በሚቀበለው ክሎክ ያድርጉት። አሁን ግን ከሁሉ በፊት መስመሩን ላከራየዎት ድርጅት ማመልከቻ ይጻፉ፤ በማመልከቻውም ላይ «ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ የሆነ፣ ሎዲንግ ኮይልም ሆነ መልቲፕሌክሰር (ብዙ መስመሮችን በአንድ ላይ የሚያሳልፍ መሣሪያ) የሌለበት ጥንድ ሽቦ» የሚለውን በግልጽ ያስፍሩ፤ እኔ «የስልክ መስመር» ብቻ ብዬ ስለጻፍኩ የተሰጠኝም ያው የስልክ መስመር ነበር።