«አድ» የምትለዋ ቃል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያ ጻፈችልኝ። «ትራንኩ ላይ አንድ ቪላን ልጨምር ብዬ ሌሎቹን በሙሉ ቆረጥኳቸው። ወዲያው አስተካከልኩት፤ ማንም አላወቀም። ለአለቃዬ ልንገረው ወይስ ይቅር?» ትላለች። (ስዊች ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ሳጥን ነው፤ ቪላን አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ የምንከፋፍልበት ቁጥር ያለው ክፍል ነው፤ ትራንክ ደግሞ የብዙ ቪላኖችን መልእክት ከስዊች ወደ ስዊች የሚያሳልፍ መስመር ነው።)

ሳነበው ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። መሥሪያ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነበር። ሒሳብ ክፍል ቪላን 10፣ ሌላው ሠራተኛ ቪላን 20፣ እኛ ስዊቾቹን የምናስተዳድርበት ቪላን 99። ለእንግዶች ዋይፋይ ቪላን 30ን ጨምር ተባልኩ። የአምስት ደቂቃ ሥራ! ከምድር ቤት፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሲስኮ ስዊች ውስጥ ገባሁና «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ብዬ ጻፍኩ። ኢንተር ነካሁ።

ስክሪኑ ደረቀ።

ትእዛዙ «30ን ጨምር» ማለት አይደለም። «ከ30 በቀር ማንም አይለፍ» ማለት ነው። ለመጨመር ከቁጥሩ በፊት «አድ» መግባት አለባት። እኔ የገባሁበት 99ም አብሮ ስለተቆረጠ፣ የቆምኩበትን ቅርንጫፍ ራሴ ጣልኩት። ስልኩ መጮህ ጀመረ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ለውጡን ሴቭ ስላላደረግኩት የስዊቹን የመብራት ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ነገር እንደነበረ ተመለሰ። የኔ ስህተትም አብሮ ጠፋ፤ ምንም ዱካ የለም።

ችግሩ በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አንድ ልጅ መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒስ ውስጥ ኬብል ይጎትት ነበር። በቀን ክፍያ የሚሠራ። አለቃዬ ሲመጣ ቀና ብሎ አየውና «አንተ ነህ የነካኸው?» አለው። ልጁ «ኧረ እኔ አልነካሁም» አለ። አንድ እጁ ላይ ሰማያዊ ኬብል ተጠምጥሟል። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

በማግስቱ ልጁ አልመጣም። ሌላ ሰው ነበር የመጣው።

ስለ ቪላን ምክር ለምትፈልጉ ጥቂት ልበል። ርቃችሁ ስዊች ስትነኩ መጀመሪያ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ እዘዙት። ከተሳካላችሁ ትሰርዙታላችሁ፤ ከተቆረጣችሁ እሱ ይመልሳችኋል። ሴቭ ማድረግ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ቁጥሩ እስከ 4094 ይሄዳል ተብሎ ለየጠረጴዛው ቪላን አይሰጥም። (እኔ አንዴ ለፕሪንተሮች ብቻ ሦስት ሠርቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ቢጠይቁኝ አላውቅም።) ደግሞ ከፋፍላችሁ ስታበቁ ሌየር 3 ስዊቹ (ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው የሚያሻግረው) ላይ ለሁሉም ቪላን አድራሻ ሰጥታችሁ አክሰስ ሊስት፣ ማለትም ማን ወዴት ይለፍ የሚለውን ዝርዝር፣ ካላደረጋችሁ፣ የለያችሁት ብሮድካስቱን (ለሁሉም የሚበተነውን መልእክት) ብቻ ነው። እንግዳው ከዋይፋዩ ተነስቶ ሒሳብ ክፍል ሰተት ብሎ ይገባል። ይህን በስንት ቦታ እንዳየሁ!

የዘንድሮ ልጆች ትእዛዝ ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ ሳታነቡ ትለጥፋላችሁ። እኛ በእጃችን ስለምንጽፍ ቢያንስ ለማሰብ ፋታ ነበረን። መቼም ያን ቀንም በእጄ ነው የጻፍኩት።

እኔ የጀመርኩት ስዊች ሳይስፋፋ፣ ኮምፒውተሮችን ሀብ በሚባል ሳጥን በምናገናኝበት ዘመን ነው። አንዱ የላከው ለሁሉም ይደርሳል፤ ሁለቱ አብረው ከላኩ ይጋጫል፣ የግጭቷ መብራትም ብልጭ ትላለች። ያኔ ጥፋት ሲፈጠር መብራቷ ለሁሉም ይታይ ነበር።

አለቃዬ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ልነግረው ሁለት ጊዜ ቢሮው ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቴም ሌላ ነገር አውርቼ ወጣሁ። የልጁን ስም እንኳ አልጠየቅኩም ነበር፤ ልፈልገው ብል በምን ብዬ እፈልገዋለሁ?

ለጠየቀችኝ ልጅ «ዛሬውኑ ንገሪው» ብዬ መለስኩላት። ከደቂቃ በኋላ «ቢያባርረኝስ?» ብላ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። እስካሁን አልመለስኩላትም።