«ያለ ፊልተር ፎቶ መነሣት አልችልም»

ይድረስ ለእትዬ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ።

ችግሬ ሲሰሙት ቀላል ሊመስልዎ ይችላል። ያለ ፊልተር ፎቶ መነሣት አልችልም። ሱቁ ጭር ሲል ስልኬን አውጥቼ ሰልፊ እነሣለሁ። አየዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ደግሜ እነሣለሁ። ቲክቶክ ላይ የምለጥፈው ፊት ቀላ ያለ፣ አፍንጫውም ቀጠን ያለ ነው። ላይክ ሲበዛልኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል። ሲያንስብኝ ምግብ አልበላ ይለኛል።

ባለፈው ጥምቀት ጓደኛዬ አብረን የተነሣነውን ፎቶ እንዳለ ለጠፈችው። አንዱ ከሥር «ይቺ ያቺ ናት እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ለምኜ አስጠፋኋት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ከፎቶዬ ጋር እያስተያየ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ክሬም ጀመርኩ። ስም የለውም፣ በትንሽ ብልቃጥ ነው የሚሸጠው። ፊቴ ቶሎ ቀላ። አሁን ግን ፀሐይ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ደም ሥሮች መታየት ጀምረዋል። ላቁም ስል ይብስብኛል።

ወንድሜ «ከንቱ ሆነሻል» ይለኛል። ከፋሲካ በኋላ ሞላሌ የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለ። ፎቶና ቪዲዮ አይቀርም ብዬ ለመቅረት ሰበብ እየፈለግሁ ነው። እውነት ከንቱ ሆኜ ነው?

ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣

መጀመሪያ ስለ ክሬሙ እናውራ። ሌላው ይደርሳል።

ማቃጠሉ፣ የደም ሥሮቹ መታየት፣ ሲቆም መባሱ፣ እነዚህ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበትን ቅባት ፊታቸውን በሚቀቡ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ከነዚህ ቅባቶች አንዱ ክሎቤታሶል ነው። ለአንዳንድ የቆዳ በሽታዎች፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሐኪም ሲያዝ ብቻ የሚቀቡት መድኃኒት ነው። ሲደጋገም ቆዳን ያሳሳል። ስም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ ሜርኩሪም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ከቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ከሆነም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ፊት ላይ የማይለቅ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዛሬ ነገ አትበይ። የቆዳ ሐኪም ካገኘሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። እንዴት እንደምታቆሚውም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ስቴሮይድ ሲቆም ፊት ለሳምንታት ሊቀላና ሊያቃጥል ይችላል። ሰው ያኔ ይደነግጥና ወደ ክሬሙ ይመለሳል። ብዙ ሴቶች መውጫ ያጡት እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ያለሽው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። ብርዱ ግን ያዘናጋናል። ቆፈኑን ለማስለቀቅ ጠዋት ፀሐይ ላይ ስንቆም ፊታችን እየተቃጠለ መሆኑ አይሰማንም። የሳሳ ቆዳ ይህን አይችልም። በጥላ ሂጂ፣ ሻርፕሽን ወደ ግንባርሽ ሳብ አድርጊው።

አሁን ወደ አፍንጫሽ ልምጣ። ስልኩ ስለ አፍንጫሽ እውነቱን አልነገረሽም። ሰልፊ ስትነሺ ካሜራው ፊትሽ አጠገብ ነው። ለካሜራ የቀረበ ነገር ከኋላው ካለው ይልቅ ገዝፎ ይታያል። ከፊታችን ደግሞ ወደ ፊት የወጣው አፍንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ይህን አስልተውት ነበር። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አፍንጫ በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። ካሜራው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ሲርቅ ግን መዛባቱ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ስልክሽ መጀመሪያ አፍንጫሽን ያሰፋዋል፣ ቀጥሎ ማጥበቢያ ፊልተር ያቀርብልሻል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ጓደኛሽ የለጠፈችው ፎቶ ለምን እንግዳ እንደሆነብሽም ልንገርሽ። ፊትሽን የምታውቂው በመስተዋት፣ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ አንድ ጥናት ላይ አብዛኞቹ ሴቶች ከራሳቸው ፎቶ የተገለበጠውን መረጡ። አብዛኞቹ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን። ሁለቱም ወገኖች የመረጡት የለመዱትን ፊት ነበር። የሚወዱሽ ሰዎች የለመዱት ያንን አንቺ ያስጠፋሽውን ነው።

ከንቱ ነኝ ወይ ላልሽው፣ አይደለሽም። ራሷን ብቻ የምትወድ ሴት ፎቶዋን አስጠፉልኝ ብላ አትለምንም። ያንቺ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ከስልኩ በፊት የነበረ ነው። እኛ አገር ልጅ ተወለደች ሲባል «ቀይ ናት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ስትታጭም «ጠይም ብትሆንም ቆንጆ ናት» ይባላል። እናቶች፣ አክስቶች፣ እኛው ነን የምንለው። ይህን እየሰማች ያደገች ልጅ ፊትን በአንድ ንክኪ የሚያቀላ ነገር ስታገኝ እንዴት አትያዝ? የልጅቷ ጥፋት አድርገን ማውራታችን ልክ አይደለም።

ኩባንያዎቹም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡ፣ የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው የፌስቡክ ኩባንያ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ስለ ሰውነታቸው መልክ ከሚጨነቁ ታዳጊ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ኢንስታግራም ጭንቀቱን እንዳባባሰባት ተናግራለች።

ስልክሽን ጣዪው አልልሽም። ሰልፊ በራሱ ነውር የለውም። ግን ለጊዜው ፊትሽን በክንድ ርቀት ማንሣቱን ተዪው። ፎቶ ሲያምርሽ ጓደኛሽ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቃ ታንሣሽ። ያንን ፎቶ አትለጥፊው፣ አታጥፊውም። ከቀናት በኋላ ተመልሰሽ እዪው። ቶሎ አትወጂው ይሆናል፤ ዓይን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

ሠርጉ ላይ ሂጂ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ከሰልፊሽ ይልቅ የሱ ፎቶ ወደ እውነተኛው መልክሽ ይቀርባል። ደግሞ ብትቀሪ አክስትሽ ምን ያህል እንደምታዝን አስቢው። ጭፈራው ሲጀመር ስልክሽን ለሰው ስጪና መሐል ግቢ።

ወንድምሽን አትሽሺው። «ከንቱ» ያለሽ ስልኩን ብቻ ስላየ ነው፤ ክሬሙንና ማቃጠሉን አያውቅም። ጉንጭሽን አሳዪውና ንገሪው። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂም አብሮሽ እንዲሄድ ጠይቂው።